ያረጀ ሕዋስ ከካንሰር የሚጠብቀን ከሆነ፣ ካንሰር ለምን በአረጋውያን ላይ ይበዛል?

ጥያቄው፦ «የ12ኛ ክፍል የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ሕዋስ የተወሰነ ጊዜ ከተከፋፈለ በኋላ አርጅቶ መከፋፈሉን እንደሚያቆም፣ ይህም ሰውነትን ከካንሰር እንደሚጠብቅ አስተማርኩ። አንዲት ተማሪ እጇን አነሣችና ‹አረጋውያን ብዙ ያረጀ ሕዋስ ካላቸው ከሁላችንም በላይ ሊጠበቁ ይገባ ነበር፤ ታዲያ ካንሰር ለምን በእነሱ ላይ ይበዛል?› አለችኝ። ‹አጣርቼ እነግርሻለሁ› ብዬ ወጣሁ። መልሱን ቢያስረዱኝ፤ ይህንን ነገር በመመርመር ዕድሜውን ያሳለፈ፣ ለተማሪዎቼ የምተርክላቸው ሳይንቲስት ካለም ቢነግሩኝ። ልጅቷ በዚህ መስክ መማር ትፈልጋለች።»

መምህር፣ «አጣርቼ እነግርሻለሁ» ብለው መውጣትዎን ወድጄዋለሁ። ተማሪዎ የጠየቀችው ነገር አሜሪካዊቷ ሳይንቲስት ጁዲት ካምፒሲ ከ1980ዎቹ ጀምረው በጥር 2024 እስካረፉበት ቀን ድረስ ሲከታተሉት የኖሩት ነገር ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።) ስለዚህ ሁለቱን ጥያቄዎችዎን አንድ ላይ እመልሳለሁ፤ መልሱን ያገኘነው በአብዛኛው ከእሳቸው ሕይወት ነውና። የእኔም የዕለት ሥራ ሕዋሳትን በሳህን ላይ ማሳደግ ስለሆነ፣ ቤተ ሙከራቸው ያበጀውን ዘዴ በእጄ ሠርቼበታለሁ።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ያረጀ ሕዋስ መከፋፈሉን ያቆማል እንጂ አይሞትም። ምግብ ይወስዳል፣ ኃይል ያመነጫል፣ በዙሪያው ወዳሉት ሕዋሳትም ልዩ ልዩ ፕሮቲኖችን ሳያቋርጥ ይረጫል። እነዚያ ፕሮቲኖች ብግነት ይቀሰቅሳሉ፤ ሕዋሳቱን አቅፎ የያዘውን መረብ ያላላሉ፤ አጠገባቸው ወደ ካንሰርነት ያዘነበለ ሕዋስ ካለም ያንን እንዲያድግ ይገፉታል። የተማሪዎ አካሄድ ትክክል ነው፤ የጎደላት አንድ ነገር ብቻ ነው። ማርጀት ከካንሰር የሚጠብቀው ያረጀውን ሕዋስ ራሱን ነው። ጎረቤቱን አይጠብቀውም፤ እንዲያውም ውሎ ሲያድር ይጎዳዋል።

ይህ አሁን በሁለት መስመር ይጻፋል። እዚህ ለመድረስ ግን ረጅም መንገድ ተሄዷል።

በ1961 ሊዮናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ በፊላደልፊያ በሚገኘው የዊስታር ተቋም ሆነው፣ ጤናማ የሰው ሕዋስ በሳህን ላይ 50 ጊዜ ያህል በእጥፍ ከተባዛ በኋላ እንደሚቆም አሳዩ። ከዚያ በፊት ይታመን የነበረው ተቃራኒው ነበር። አሌክሲስ ካሬል ኒውዮርክ ውስጥ ከዶሮ ፅንስ ልብ የተወሰደ ሕዋስ በ1912 ማሳደግ ጀምረው፣ እሳቸው ከሞቱ በኋላም እስከ 1946 ድረስ ቆየ ስለተባለ፣ ሕዋስ በአግባቡ ከተመገበ ዘላለም ይከፋፈላል ይባል ነበር። ሄይፍሊክ ያንን እምነት ገለበጡት፤ ሁለት ግምትም ሰነዘሩ። አንደኛው፣ ይህ መቆም ከሰውነት እርጅና ጋር ሳይያያዝ አይቀርም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የካንሰር ሕዋስ ከዚህ ገደብ ያመለጠ ሕዋስ ነው የሚል። ገደቡን የሚቆጥረው የክሮሞዞም ጫፍ፣ ማለትም ቴሎሜር መሆኑና በእያንዳንዱ መከፋፈል ጥቂት ጥቂት እያለ ማጠሩ የተረጋገጠው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የቴሎሜርን ነገር የመማሪያ መጽሐፉ ስለሚነካው አልዘገይበትም።

ሁለቱ ግምቶች ግን ለረጅም ጊዜ ተለያይተው ኖሩ። ስለ እርጅና የሚያጠኑት በአንዱ ጉባኤ፣ ስለ ካንሰር የሚያጠኑት በሌላው ጉባኤ ይሰበሰቡ ነበር። ካምፒሲ የመጡት ከካንሰሩ ወገን ነው። በ1948 በኒውዮርክ ከተማ ኩዊንስ በተባለው ክፍል ተወለዱ፤ በስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ተምረው በ1979 በባዮኬሚስትሪ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያዙ። ከዚያም ቦስተን ሄደው ከአርተር ፓርዲ ጋር ሠሩ። ፓርዲ አንድ ሕዋስ «ልከፋፈል ወይስ ልቆይ» ብሎ የሚወስንበትን ቅጽበት በመመርመር የታወቁ ሰው ናቸው። ካምፒሲም የያዙት ይኸንኑ ነበር፤ ጤናማው ሕዋስ መቆም ሲያውቅ የካንሰር ሕዋስ መቆም ያቃተው ለምንድን ነው?

በኋላ በቦስተን ዩኒቨርሲቲ የራሳቸውን ቤተ ሙከራ ሲያቋቁሙ የሕዋስ እርጅናን ያዙ። የያዙት ግን ካንሰርን ለመረዳት ብለው ነው። የሳህን ላይ መቆም ከሰው እርጅና ጋር ይገናኛል የሚለውን ሐሳብ በጥርጣሬ ነበር የሚያዩት። ይህንን ለተማሪዎችዎ በደንብ ይንገሩልኝ። መስኩን ከማንም በላይ የቀየሩት ሴት ወደ መስኩ የገቡት ሳያምኑበት ነው፤ ያሳመናቸው የራሳቸው ሙከራ ነው።

ጥርጣሬውም መሠረት ነበረው። በሳህን ላይ ያለ ሕዋስ ከቤቱ የወጣ ሕዋስ ነው። በፕላስቲክ ላይ ተዘርግቶ፣ በጥጃ ደም ውኃ እየተመገበ፣ 20 በመቶ ገደማ ኦክስጅን ባለው አየር ውስጥ ይቀመጣል፤ በሰውነታችን ውስጥ ያለው ኦክስጅን ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። በ2003 ከካምፒሲ ቤተ ሙከራ የወጣ ሥራ የዚህን ክብደት አሳይቷል። የአይጥ ሕዋሳት በተለመደው አየር ቶሎ ቆመው ሲቀሩ፣ ኦክስጅኑ ወደ 3 በመቶ ሲወርድ ሳያረጁ መከፋፈላቸውን ቀጠሉ። ስለዚህ «የምታዩት እርጅና የሳህኑ ሥራ ነው» ለሚል ተቺ መልስ መስጠት የሚቻለው፣ ያረጀውን ሕዋስ በሰው አካል ውስጥ በማሳየት ብቻ ነበር። ለዚያ ደግሞ ምልክት ያስፈልጋል። መከፋፈል ያቆመ ሕዋስ በሰውነታችን ሞልቷል፤ የአንጎልና የጡንቻ ሕዋሳት አብዛኞቹ ሥራ ይዘው የቆሙ ናቸው። ያረጀውን ከእነዚህ በምን ይለዩታል?

በ1991 ካሊፎርኒያ ወደሚገኘው የሎረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተዛወሩ፤ መልሱም የመጣው እዚያ ሳሉ በ1995 ነው። ሰማያዊ ቀለም ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በየጊዜው የማየው ነገር ነውና። ወጣት የቆዳ ሕዋሳት፣ ፋይብሮብላስት የምንላቸው፣ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ቀጫጭን ናቸው፤ ነፋስ እንዳዘነበለው የስንዴ ማሳ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ተኝተው ይታያሉ። ያረጁት ምጣድ ላይ እንደፈሰሰ ሊጥ ሰፍተው፣ ጠፍጥፈው፣ አንዱ የሦስት የአራት ወጣት ሕዋስ ቦታ ይዞ ተዘርግቶ ያገኙታል። ሳህኑን አጥበው፣ ሕዋሳቱን ለጥቂት ደቂቃ በፎርማሊን ባሉበት አጽንተው፣ አንድ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ያፈስሱበታል። የፈሳሹ አሲድነት (ፒኤች) ልክ 6 መሆን አለበት። ከዚያ በ37 ዲግሪ ሙቀት ያሳድሩታል። ጠዋት ሲከፍቱት ባረጀው ሕዋስ አስኳል ዙሪያ ሰማያዊ ጥቃቅን ነጠብጣብ ተሰብስቦ ያያሉ። ወጣቶቹ እንዳሉ ናቸው።

ምስጢሩ በሕዋሱ የቆሻሻ ማስወገጃ ከረጢት፣ በላይሶዞም ውስጥ ነው። እዚያ ያለ አንድ ኢንዛይም፣ ቤታ ጋላክቶሲዴዝ ይባላል፣ በጣም አሲዳማ በሆነ ቦታ በሁሉም ሕዋስ ውስጥ ይሠራል። በሕዋሱ እርጅና ጊዜ ግን ላይሶዞሙ ስለሚበዛና ኢንዛይሙም ስለሚከማች፣ ለእሱ በማይመቸው በ6 ላይ እንኳ ሥራው ጎልቶ ይታያል። መጀመሪያ በሠራሁበት ሌሊት ሳህኖቼን እንደ ልማዴ ሕዋስ በሚያድግበት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚነፋበት ኢንኩቤተር ውስጥ አሳደርኳቸው። ጋዙ የፈሳሹን አሲድነት ስለሚያዛባ፣ ጠዋት ወጣቱና አሮጌው ሊለዩኝ አልቻሉም። የሦስት ሳምንት ሥራ ነበር። ጋዝ የሌለበት ደረቅ ኢንኩቤተር መጠቀም እንዳለብኝ መመሪያው በግልጽ ይናገር ነበር፤ አላነበብኩትም ነበር። አሁን ለአዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ የማስተምረው ይህንን ነው።

የካምፒሲ ቡድን ይህንን ቀለም በተለያየ ዕድሜ ካሉ ሰዎች በተወሰደ ቆዳ ላይ ሞከረው። ዕድሜ ከፍ ባለ ቁጥር ሰማያዊዎቹ ሕዋሳት በዙ። ያረጀው ሕዋስ የሳህን ፍጥረት ብቻ እንዳልሆነ በዓይን ታየ። ዘዴው ቀላልና ርካሽ ስለሆነ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ፤ ብዙዎች ሰማያዊውን ብቻ አይተው «አርጅቷል» ይላሉ። ሳህኑ ከሚገባው በላይ ሞልቶ የተጨናነቀ ወጣት ሕዋስም ሰማያዊ ሊሆን ይችላል። ሌላ ምስክር ሳይጨመርበት በቀለሙ ብቻ መፍረድ ተገቢ አይደለም።

አሁን ወደ ተማሪዎ ጥያቄ እምብርት እንግባ። በ2001 የታተመው የካምፒሲ ቤተ ሙከራ ሙከራ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል፤ ሲነግሩት ቀላል ነው፣ ውጤቱ ግን ከባድ። ፋይብሮብላስቶችን ምንጣፍ አድርገው አነጠፉ፤ በአንዱ ሳህን ወጣቶቹን፣ በሌላው ያረጁትን። በምንጣፉ ላይ ሦስት ዓይነት የሽፋን ሕዋሳትን (የአካል ክፍሎችን ገጽ የሚሸፍኑትን) ዘሩ፤ ጤናማዎቹን፣ ወደ ካንሰርነት መንገድ የጀመሩትንና ካንሰር የሆኑትን። ጤናማዎቹ የተነጠፈላቸው ወጣትም ይሁን አሮጌ ብዙ ለውጥ አላሳዩም። መንገድ የጀመሩትና ካንሰር የሆኑት ግን ባረጀው ምንጣፍ ላይ በፍጥነት ተባዙ። ከምንጣፉ ሕዋሳት ያረጁት 10 በመቶ ብቻ ሲሆኑም ውጤቱ ይታይ ነበር። በአይጦች ላይ ሲሞከር ደግሞ፣ ብቻቸውን ዕጢ መሥራት የማይችሉ መንገድ የጀመሩ ሕዋሳት ካረጁ ፋይብሮብላስቶች ጋር ተቀላቅለው ሲወጉ ዕጢ ሠሩ።

መምህር፣ እዚህ ላይ ሰሌዳው ላይ ሁለት ሥዕል ቢሥሉላቸው ደስ ይለኛል። በመጀመሪያው ሥዕል የ20 ዓመት ወጣት ቆዳ አለ፤ አንድ ሕዋስ ዘረመሉ ተበላሽቷል፣ ጎረቤቶቹ ግን ወጣትና ሥርዓት ያላቸው ስለሆኑ ተጨቁኖ ይኖራል። በሁለተኛው የ70 ዓመት አዛውንት ቆዳ አለ። የተበላሸው ሕዋስ ያው ነው፤ አጠገቡ ግን ሁለት ሦስት ሰማያዊ ሕዋሳት ቁጭ ብለዋል። ተማሪዎ የፈለገችው መልስ በሁለቱ ሥዕሎች መካከል ያለው ልዩነት ነው።

እነዚያ ሰማያዊ ሕዋሳት ምን እንደሚረጩ በዝርዝር የወጣው በ2008 ነው። የካምፒሲ ቡድን ካረጁ ሕዋሳት የሚወጡትን ፕሮቲኖች አንድ በአንድ ለካ። ኢንተርሊኪን 6 እና ኢንተርሊኪን 8 የተባሉት ብግነት ቀስቃሾች፣ የዕድገት ምልክት የሚሰጡ ፕሮቲኖች፣ መረብ የሚበጥሱ ኢንዛይሞች ከመካከላቸው ይገኛሉ። ካምፒሲና ባልደረቦቻቸው ለዚህ ጠባይ ያወጡት ስም በአማርኛ «ከእርጅና ጋር የተያያዘ የማመንጨት ጠባይ» ሊባል ይችላል። ያረጀ ሕዋስ መቆሙን ብቻ ሲያይ የኖረ መስክ፣ ከዚያ ወዲህ መናገሩንም መስማት ጀመረ። በዚያው ሥራ ላይ ሌላ የሚያሳስብ ነገር ነበር። በኬሞቴራፒ ከታከሙ የፕሮስቴት ካንሰር ሕሙማን በተወሰደ ዕጢ ውስጥም ይኸው ጠባይ ታየ። መድኃኒቱ አንዳንዶቹን የካንሰር ሕዋሳት ሲገድል፣ ሌሎቹን አርጅተው እንዲቀመጡ አድርጓቸዋል።

ተማሪዎችዎ «ታዲያ ተፈጥሮ እንዲህ ያለ ጎጂ ነገር ለምን አኖረብን?» ማለታቸው አይቀርም። መልሱን ጆርጅ ዊሊያምስ የተባሉ የሥነ ዝግመተ ለውጥ ሊቅ በ1957 ሰጥተውታል፤ በወጣትነት የሚጠቅም ጠባይ በእርጅና ቢጎዳም እንኳ ይወረሳል፤ ምክንያቱም ጉዳቱ የሚመጣው ልጅ ተወልዶ ካደገ በኋላ ነው። ካምፒሲ ይህንን ሐሳብ ከሕዋስ እርጅና ጋር አጥብቀው አሰሩት። አይጥ በዱር ውስጥ ሁለት ዓመት ሳይሞላት አዳኝ ይበላታል። የጥንት ሰውም ብዙውን ጊዜ ለእርጅና ሳይበቃ በረሃብ፣ በወረርሽኝ ወይም በአውሬ ያልቅ ነበር። የሰው ልጅ ካንሰር አቀበት መውጣት የሚጀምረው 50 ዓመት ገደማ ላይ መሆኑን ካምፒሲ በየንግግራቸው ያነሡ ነበር፤ ተፈጥሮ እስከዚያ ድረስ ጠብቃን ከዚያ በኋላ እጇን አንሥታለች።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስልዎ፣ በ2002 የታተመ ሥራ ላንሣ። ፒ53 የሚባለው ፕሮቲን የተበላሸ ሕዋስን የሚያስቆም ዋና ፍሬን ነው። አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ይህ ፍሬን ከልክ በላይ የሚይዝባቸው አይጦች አገኙ። አይጦቹ ካንሰር እምብዛም አልነካቸውም። ነገር ግን ቶሎ አረጁ፤ አጥንታቸው ሳሳ፣ አካላቸው ኮሰመነ፣ ከሌሎቹ ቀድመውም ሞቱ። በእርግጥ በዚያው ዓመት ስፔን ውስጥ የተሠራ ሌላ ሙከራ፣ ፒ53 በመደበኛው መቆጣጠሪያው ሥር ሆኖ ቢጨመር አይጦቹ ሳያረጁ ከካንሰር ይበልጥ እንደሚጠበቁ አሳይቷል። ስለዚህ ዋጋው የማይቀር ዕዳ አይደለም፤ ወሳኙ ፍሬኑ መቼና ምን ያህል እንደሚያዝ ነው።

ያረጀ ሕዋስ ጥቅምም እንዳለው ያሳዩት ራሳቸው ካምፒሲ መሆናቸው ስለ ጠባያቸው ብዙ ይነግረኛል። በ2014 ቡድናቸው የአይጥ ቆዳ ሲቆሰል ያረጁ ሕዋሳት በጥቂት ቀናት ውስጥ ቁስሉ ላይ እንደሚሰበሰቡና የሚረጩት አንድ ፕሮቲን ቁስሉ ቶሎ እንዲገጥም እንደሚረዳ አሳየ። ሕዋሳቱ ሲወገዱ ቁስሉ ዘገየ። ጎጂነታቸውን በዓለም ያስታወቀ ሰው ይህንን ለማሳተም አላመነታም። ልዩነቱ ያለው በቆይታው ነው፤ መጥተው፣ ሠርተው፣ የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ጠርገዋቸው ሲሄዱ ይጠቅማሉ። ሳይጠረጉ ለዓመታት ሲቀመጡ ይጎዳሉ። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ጠራጊው ራሱ ይደክማል።

በአገራችን ይህንን ሁሉ በቅርብ የሚያሳይ ነገር አለ። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው የማኅፀን በር ካንሰር ነው። እሱን የሚያመጣው ሂዩማን ፓፒሎማ የተባለው ቫይረስ ሁለት ፕሮቲኖች አሉት፤ ኢ6 እና ኢ7 ይባላሉ። ኢ6 ቅድም ያልኩትን ፒ53ን ያጠፋል። ኢ7 ደግሞ አርቢ (RB) የተባለውን ፕሮቲን፣ ሁለተኛውን ፍሬን፣ ይፈታል። ሕዋስ አርጅቶ እንዲቆም የሚያደርጉት ሁለቱ ዋና መንገዶች እነዚህ ናቸው፤ ቫይረሱ ሁለቱንም አውቆ እንደሚመጣ ሌባ ይፈታቸዋል። በ1951 ባልቲሞር ውስጥ ሄንሪየታ ላክስ ከተባለች እናት የማኅፀን በር ካንሰር ተወስዶ እስከ ዛሬ በየቤተ ሙከራው የሚራባው ሂላ የተባለው ሕዋስ የዚህ ቫይረስ ሥራ ነው። በ2000 በዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሂላ ውስጥ ኢ6ንና ኢ7ን አፈኗቸው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሳያቋርጥ ሲከፋፈል የኖረው ሕዋስ በቀናት ውስጥ ቆመ፣ ሰፋ፣ በካምፒሲ ቡድን ዘዴ ሲቀባም ሰማያዊ ሆነ። ፍሬኑ እዚያው ነበር፤ የሚይዘው አጥቶ ነው። የዚህ ቫይረስ ክትባት በአገራችን በ2018 ማብቂያ ላይ 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ፤ ምናልባት እጇን ያነሣችው ተማሪዎ ራሷ ክንዷን ሰጥታ ይሆናል።

የተፈታ ሳይሆን የያዘ ፍሬን ማየት የሚፈልግ ደግሞ የራሱን ቆዳ ይመልከት። «ማርያም የሳመችው» ከምንለው ምልክት መካከል ያሉት ትንንሽ ጥቁር ነጥቦች፣ ብዙዎቹ በውስጣቸው ሜላኖማ በተባለው የቆዳ ካንሰር ላይ የሚገኘውን ያንኑ የጂን ብልሽት ይዘዋል። ጥቂት አድገው ግን ቆመዋል፤ አብዛኞቹም ዕድሜ ልክ እንደቆሙ ይቀራሉ። (ነጥቡ ቅርጹን ወይም ቀለሙን ከቀየረ፣ ከሰፋ ወይም ከደማ ግን ሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል።)

ለካንሰር በእርጅና መብዛት ይህ ብቸኛው ምክንያት አይደለም። የጂን ብልሽት በየዓመቱ ይጠራቀማል፤ አንድ ሕዋስ ካንሰር ለመሆን ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ብልሽት ስለሚያስፈልገው ዕድሜ ራሱ ዕድል ይሰጠዋል። የመከላከያ አቅምም ይቀንሳል። የካምፒሲ ድርሻ፣ እነዚህ ሁለቱ ተሟልተው እንኳ ሰፈሩ ራሱ ወሳኝ መሆኑን ማሳየታቸው ነው።

«እንግዲያው ያረጁትን ሕዋሳት ብናስወግዳቸውስ?» የሚለው ቀጣዩ ጥያቄ ነው። በ2016 በሜዮ ክሊኒክ በጃን ቫን ደርሰን የሚመራ ቡድን በአይጦች ላይ ያረጁ ሕዋሳትን በየጊዜው ሲያስወግድ፣ የአይጦቹ አማካይ ዕድሜ በሩብ ያህል ረዘመ፤ ዕጢም ዘግይቶ ታየ። ይህ ለተማሪዎ ጥያቄ ከሁሉ የቀረበ ማስረጃ ነው፤ ያረጁት ሕዋሳት ሲቀነሱ ካንሰር አልበዛም፣ ዘገየ። በ2017 የካምፒሲ ቤተ ሙከራ በኬሞቴራፒ ምክንያት ያረጁ ሕዋሳትን ከአይጦች ሲያስወግድ፣ የመድኃኒቱ ጉዳት ቀነሰ፣ የካንሰሩም መመለስ ቀነሰ። ካምፒሲ ከቫን ደርሰንና ከሌሎች ጋር ሆነው ዩኒቲ የተባለ የመድኃኒት ኩባንያ መሥርተው ነበር። ኩባንያው ለጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ያዘጋጀው መድኃኒት ግን በ2020 በሰዎች ላይ ሲፈተን ከባዶ መርፌ የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። አይጥ ላይ የሠራ ሁሉ ሰው ላይ አይሠራም። ሙከራዎች ቀጥለዋል፤ ለሰው እርጅና ተብሎ የጸደቀ እንዲህ ያለ መድኃኒት ግን የለም።

ስለዚህ «ያረጀ ሕዋስ አጽጂ» ወይም «ቴሎሜር አስረዛሚ» እየተባለ በእንክብል የሚሸጥ ነገር ተማሪዎችዎም ሆኑ ወላጆቻቸው እንዳይገዙ እለምናለሁ። ቴሎሜርን የሚያረዝመው ኢንዛይም፣ ቴሎሜሬዝ፣ ከአሥር የካንሰር ዓይነቶች በስምንት ዘጠኙ ውስጥ ተቀስቅሶ የሚገኝ ነገር ነው። ካንሰር ሊያሸንፈው የታገለለትን ገደብ በገንዘባችን ልናነሣለት አይገባም።

ካምፒሲ ከ2002 ጀምሮ ከሳንፍራንሲስኮ በስተሰሜን በሚገኘውና እርጅናን በሚያጠናው በባክ ተቋም ሠሩ፤ በ2018 ለአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባልነት ተመረጡ። በ75 ዓመታቸው ነው ያረፉት። ሰማያዊውን ቀለም፣ ምንጣፉንና የሚረጩትን ፕሮቲኖች በሚመለከቱት ጽሑፎች ላይ የመጀመሪያው ስም የእሳቸው አይደለም፤ ሥራውን በእጃቸው የሠሩት ወጣት ተመራማሪዎች ስም ይቀድማል። ዛሬ በየአገሩ የሕዋስ እርጅና ቤተ ሙከራ ከሚመሩት ብዙዎቹ ከዚያ የወጡ ናቸው።

ተማሪዎ ከየት ትጀምር? ኬሚስትሪን አትሽሽ፤ ካምፒሲ የገቡት በእሱ በር ነው፤ ሰማያዊው ቀለምም ቢሆን የአሲድነት ልክ ጉዳይ ነው። ሒሳብና ስታቲስቲክስም ያስፈልጋታል። ለአሁኑ ግን ትምህርት ቤታችሁ አንድ ማይክሮስኮፕ ካለው ይህንን ታድርግ። ሽንኩርት በብርጭቆ አፍ ላይ ታስቀምጥ፤ ታቹ ውኃ ይንካ። በሦስት አራት ቀን ሥር ያወጣል። የሥሩን ጫፍ ቆርጣ፣ አለስልሳ፣ ቀለም አጠጥታ፣ በመስታወት መሐል ጨፍልቃ ትመልከት። ከ100 ሕዋሳት በስንቱ ክሮሞዞሙ ተለይቶ እንደሚታይ ትቁጠር። ቀጥላ ከጫፉ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ካለው የሥሩ ክፍል ሌላ 100 ትቁጠር። እዚያ የሚከፋፈል ሕዋስ ለማግኘት ትቸገራለች።

ከዚያ ይጠይቋት፤ እነዚህ የቆሙት ሕዋሳት አርጅተው ነው ወይስ ሥራ ይዘው? ለመለየትስ ምን ማየት ያስፈልጋታል? የምታስበውን በገጽ ጽፋ ከላከችልኝ አነብላታለሁ።